ወረቀታችን በማን እጅ ነው?

(በወጣቶች መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ሙሉ ቃሉ። ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።)



ዛሬ ስለ ባንዲራ አልናገርም። ስለ አድዋ የማነሳውም መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ የማወራው ስለ ወረቀት ነው። ሀገር ፈርማ ስለምትሸጠው፣ ባዕድ ገዝቶ ካዝናው ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ወረቀት።

ስልካችሁ ላይ በየቀኑ የሚያልፍ ፖስት አለ። «ሀገራችን በዕዳ ተሸጠች» ይላል። ሌላው ከስር ይገባና «ተዉ እባካችሁ፣ ዕዳው ገብስ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ላይክ ይሰበስባሉ። ሁለቱም ግን አንድ ቁጥር አይጠቅሱም። እኔ የምላችሁ ይህን ነው፦ ቁጥር የማያነብ ሀገር ወዳድ፣ ሀገሩን ቁጥር ለሚያነብ ሰው አሳልፎ ይሰጣል።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ትንንሽ ሀገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጠን እናያለን። ሁለቱም አፍሪካውያን ናቸው፣ ሁለቱም ወረቀታቸውን ለውጭ ሰው ሸጠዋል። አንዷ ወደቀች፣ አንዷ በቀኗ ከፈለች። ከዚያ ወደ ራሳችን ቤት እንመለሳለን። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የቦንድ ውል የሚቆጠረው በእነሱ ካላንደር ስለሆነ።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ምንድነው?

ከጎረቤትህ 1,000 ብር ተበደርክ እንበል። ጎረቤትህን ታውቀዋለህ። ቀኑ ደርሶ እጅህ ባዶ ከሆነ ቡና አፍልተህ፣ ሽማግሌ ልከህ፣ «አንድ ወር ጨምርልኝ» ትለዋለህ። አሁን ደግሞ ይህን አስብ። ፈርመህ የሰጠኸውን ወረቀት ጎረቤትህ መርካቶ ወስዶ ሸጠው። የገዛውም ለሌላ ሸጠው። ቀኑ ሲደርስ ደጅህ ላይ የሚቆመው ሰው ስምህን እንጂ መልክህን አያውቅም። ሽማግሌ ለማን ትልካለህ?

ዩሮቦንድ ማለት ይሄ ነው። ስሙ አያሳስታችሁ፤ የግድ በዩሮ ነው ማለት አይደለም። መንግሥት በራሱ ገንዘብ ሳይሆን በሌላ ሀገር ገንዘብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር፣ ለውጭ ገበያ የሚሸጠው የዕዳ ሰነድ ነው። ገዢዎቹ የጡረታ ፈንዶች፣ የኢንሹራንስ ድርጅቶችና የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች ናቸው። ወለዱ ብዙውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ ይከፈላል። ዋናው ገንዘብ ግን እንደ ቤት ብድር በየወሩ እየተቀነሰ አይሄድም፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ቀን በአንድ ጊዜ ዱብ ይላል። ሀገር የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ወይ ወለዱ በሚጠየቅበት ቀን፣ ወይ ዋናው በሚጠየቅበት ቀን።

አሁን ወደ ሲሼልስ እንሂድ።

ሲሼልስ በህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች የ115 ደሴቶች ሀገር ናት። በ2008 ሕዝቧ 90,000 አይሞላም ነበር፤ ከአንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ያነሰ ሕዝብ ማለት ነው። የምትኖረው በቱሪስትና በቱና ዓሣ ነው። በ2006 የ200 ሚሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ ሸጠች፤ ወለዱ 9.125 በመቶ፣ መክፈያው በአምስት ዓመት። በቀጣዩ ዓመት 30 ሚሊዮን ጨመረች። በድምሩ 230 ሚሊዮን።

ገንዘቡ ምን ሠራ? ብዙው የቆየ ውዝፍ ዕዳ ለማቃለልና የዶላር እጥረቱን ለማስታገስ ዋለ። ያኔ የሀገሪቱ ሩፒ በመንግሥት ትእዛዝ በአንድ ዋጋ ተቸንክሮ ነበር። ባንክ ሄደህ ዶላር አታገኝም፤ ጥቁር ገበያ ላይ ግን አለ። ይህ ታሪክ ለጆሯችሁ አዲስ ነው? አይመስለኝም።

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! 2008 መጣ። የዓለም የምግብና የነዳጅ ዋጋ ጣሪያ ነካ። ከዚያ የዓለም ባንኮች ቀውስ ተከተለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ሲሼልስ የቦንዱን ወለድ መክፈል አቃታት። ልብ በሉ፤ ዋናውን አይደለም፣ ወለዱን ነው። የዓመቱ ወለድ 21 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ደግሞ ስሙ። በኅዳር ወር መጀመሪያ ሩፒው በገበያ ዋጋ እንዲንሳፈፍ ተለቀቀ። ዶላር ከ8 ሩፒ አካባቢ ተነስቶ ወደ 16 ሩፒ ወጣ። አይኤምኤፍ ገባ። ድጎማ ተነሳ፣ በርካታ የመንግሥት ሠራተኞች ተቀነሱ። የፓሪስ ክለብ አበዳሪ መንግሥታት በ2009 ከዕዳው 45 በመቶውን በሁለት ደረጃ ለመሰረዝ ተስማሙ። የቦንዱ ባለቤቶችም በ2010 የድሮውን ወረቀት በአዲስ ቀየሩ፤ ዋናው ገንዘብ በግማሽ ተቀንሶ፣ መክፈያው እስከ 2026 ተራዝሞ። ለዚያ አዲስ ወረቀት የአፍሪካ ልማት ባንክ የ10 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ሰጠ።

«ግማሹ ተሰረዘላት፣ ምን ጎዳት?» የሚል ይኖራል። የጎዳትማ ሕዝቧ ነው። በግማሽ የተቀነሰው የባለቦንዱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የአስተማሪው ደሞዝም በዶላር ሲቆጠር በአንድ ወር ውስጥ በግማሽ ወርዷል። እሱን ማንም ሽግሽግ አላደረገለትም።

አሁን ሁለተኛዋን እንይ፤ ሩዋንዳን።

ሩዋንዳም ትንሽ ናት፤ ስፋቷ 26,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር የላት፣ እንደ ሲሼልስ የቱና ዓሣ የላት። በ2012 ቆጠራ ሕዝቧ 10.5 ሚሊዮን ነበር። በዚያው ዓመት በኮንጎ ጉዳይ ምክንያት ለጋሾች እርዳታ ያዙባት። በሚያዝያ 2013 ሩዋንዳ የመጀመሪያ ዩሮቦንዷን ይዛ ገበያ ወጣች፤ 400 ሚሊዮን ዶላር፣ አሥር ዓመት፣ ወለድ 6.625 በመቶ። ልትሸጥ የፈለገችው 400 ሚሊዮን ነው፤ የመጣላት ጥያቄ ግን ከ3 ቢሊዮን በላይ ነበር።

ምን ሠራችበት? የኪጋሊ ኮንቬንሽን ማዕከል፣ የሩዋንድ ኤር ዕዳና የኒያባሮንጎ የውኃ ኃይል ማመንጫ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አስተውሉ። የስብሰባ አዳራሽና አየር መንገድ፣ ሁለቱም እንግዳ የሚያመጡ ናቸው፤ እንግዳ ደግሞ ዶላር ይዞ ነው የሚመጣው። ማዕከሉ አትራፊ ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። አየር መንገዱም የመንግሥት ድጎማ ሲበላ ኖሯል። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነበር፦ በዶላር የምንከፍለውን፣ ዶላር በሚያመጣ ነገር ላይ እናውለው።

ሌላም አደረገች። ከ2014 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ በራሷ ፍራንክ ቦንድ መሸጥ ጀመረች፤ ሁሉም ወረቀቷ በዶላርና በባዕድ እጅ እንዳይሆን።

ከሁሉ በላይ ግን ቀኑን አልጠበቀችም። የ2013ቱ ቦንድ የሚደርሰው በ2023 ነው። በ2021፣ ወለድ በዓለም ገበያ ርካሽ በነበረበት ሰዓት፣ 620 ሚሊዮን ዶላር በ5.5 በመቶ ተበደረችና ከድሮው ቦንድ አብዛኛውን ቀድማ መልሳ ገዛችው። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ወለድ ሽቅብ ሲወጣ ለብዙ የአፍሪካ ሀገሮች የቦንድ ገበያው በር ተዘጋ። ሩዋንዳ ግን የቀራትን ትንሽ ይዛ 2023ን ተሻገረች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።

እስቲ ሁለቱን በአንድ ሚዛን እናስቀምጥ።

በነፍስ ወከፍ ከሄድን፣ የሲሼልስ ቦንድ ለእያንዳንዱ ዜጋ ከ2,500 ዶላር በላይ ነበር። የሩዋንዳው 38 ዶላር ገደማ። ከሀገር ምርት አንጻር ካየነው፣ ሲሼልስ በሩብ አካባቢ፣ ሩዋንዳ በ5 በመቶ አካባቢ። እንግዲህ እዚህ ላይ ቆሞ «ያው ብዙ የተበደረች ወደቀች፣ ትንሽ የተበደረች ዳነች» ማለት ይቀላል።

ግን አትቸኩሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ዕዳ የሚታየው እንደ ፎቶ በአንድ ቀን ሳይሆን እንደ ፊልም ነው።

በ2008 ሲሼልስ ስትወድቅ ሩዋንዳ አንድም ዩሮቦንድ አልነበራትም። ደግሞም ለድሃ ሀገሮች በተሰጠው የዕዳ ስረዛ፣ በ2005 እና በ2006፣ ከቆየ ዕዳዋ አብዛኛው ተሰርዞላት ነበር። ሲሼልስ «ሀብታም ናት» ተብላ ያ ዕድል አልደረሳትም። ስለዚህ ሩጫውን የጀመሩት ከአንድ መስመር አልነበረም።

በ2018 ደግሞ የወደቀችው ሲሼልስ ተመልሳ ገበያ ወጣች። ምን ይዛ? 15 ሚሊዮን ዶላር ብቻ! «ሰማያዊ ቦንድ» አሉት፤ ባሕርንና ዓሣ ሀብትን ለመጠበቅ የተሸጠ፣ በዓለም የመጀመሪያው። የገዙት ሦስት የአሜሪካ ኢንቨስተሮች ናቸው። የዓለም ባንክ በከፊል ዋስ ሆነ፤ ወለዱም በድጋፍ ተደጉሞ ለሀገሪቱ 2.8 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነላት። በፊት 9.125፣ በኋላ 2.8። በፊት ጉድጓድ መድፈኛ፣ በኋላ ዓሣዋን መጠበቂያ። ከኮቪድ በፊት ባሉት ዓመታት ጠቅላላ ዕዳዋ ከሀገር ምርቷ አንጻር በ2008 ከነበረው ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር።

ሩዋንዳስ? ያመሰገንናት ሩዋንዳ ጠቅላላ ዕዳዋ ከ2013 ወዲህ ከሀገር ምርቷ አንጻር ከእጥፍ በላይ አድጓል። አብዛኛው ረጅም ጊዜና ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድር ነው፤ ቢሆንም ዕዳ ዕዳ ነው። የ2021ዱ ወረቀትም በ2031 ቀኑ ይደርሳል። የወደቀች ትማራለች፣ የቆመችም እንዳትወድቅ መጠንቀቅ አለባት። ለዚህ ነው በአንድ ቀን ቁጥር ሀገርን አሞግሶ ወይም ረግሞ መሄድ ልክ የማይሆነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ልባችሁን አጽኑ።

እኛም ወረቀት ሸጠናል። በታኅሣሥ 2014፣ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ አሥር ዓመት። ወለዱ ስንት መሰላችሁ? 6.625 በመቶ። ከሩዋንዳ ጋር በነጥቡ እንኳ አንድ ነው! በዓመት 66.25 ሚሊዮን ዶላር፣ በሁለት ጊዜ የሚከፈል። ገንዘቡ የታሰበው ለስኳር ኢንዱስትሪ፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኮችና ለኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮች ነበር።

ሕዝባችን ያኔ ከ90 ሚሊዮን በላይ ነው። ለአንድ ሰው ሲካፈል ዋናው 10 ዶላር አካባቢ፣ የዓመቱ ወለድ ደግሞ ከአንድ ዶላር በታች ነው። የሲሼልስ ዜጋ ወለድ በዓመት 240 ዶላር አካባቢ ነበር፣ የሩዋንዳው 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ከሦስቱ ቀላሉ ሸክም የእኛ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የወለድ ክፍያ ቀን ደረሰ። አልተከፈለም። የእፎይታ ጊዜውም አለፈ። መንግሥት «አበዳሪዎችን ሁሉ እኩል ለማስተናገድ ነው» አለ፤ የዕዳ ሽግሽግ ድርድር ላይ ነበርና ይህም የራሱ ምክንያት አለው። በታኅሣሥ 2024 ዋናው 1 ቢሊዮን የሚከፈልበት ቀን ደርሶም አልተከፈለም። ሩዋንዳ የመጨረሻውን ሳንቲም በከፈለችበት በዚያው 2023 ዓመት፣ በአንድ ዓይነት ወለድ የተበደርን እኛ ቆምን።

ለምን? ሸክሙ ከብዶ አይደለም። ትከሻው ስላልጠነከረ ነው። ቦንዱን ስንሸጥ የሸቀጥ ወጪ ንግዳችን በዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ወለዱ ባልተከፈለበት ዓመት ከ4 ቢሊዮን አልዘለለም። አሥር ዓመት ሙሉ! በመሀል ኮቪድ መጣ፣ ጦርነት መጣ፤ እርስ በርስ ተዋጋን። ወጣቱ ሞተ፣ ፋብሪካ ቆመ። የውጭ ምንዛሪ ክምችታችን የአንድ ወር ገቢ ዕቃ እንኳ የማይገዛበት ደረጃ ደረሰ። ስኳሩ ዶላር ያመጣል ተብሎ ነበር፤ እኛ ግን ስኳር ከውጭ መግዛት አላቆምንም።

ቀጥሎ የሆነውንስ አስታወሳችሁ? በሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ተለቀቀ። ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሲሼልስ በ2008 የሄደችበትን መንገድ በ16 ዓመት ዘግይተን ሄድንበት። እናቶቻችን ዘይት ሲገዙ የሚከፍሉት ጭማሪ ውስጥ ያ ወረቀት አለበት።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ይሄ እኮ የምዕራባውያን ሴራ ነው» ልትሉ ነው። የዓለም ገንዘብ ሥርዓት ለድሃ ሀገር ያዳላል ብዬ አልዋሻችሁም። አያዳላም። ከእኛ 6.625 የሚጠይቅ ገበያ በዚያው ሰዓት ለሀብታም ሀገር በጣም ባነሰ ያበድራል። ግን ሴራውን በመርገም ብቻ የተከፈለ ወለድ እስካሁን አላየሁም። የእኛንም እጅ መቁጠር አለብን።

እናም ቃል የገባሁትን አድዋን ላንሳ።

በ1889 የውጫሌ ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17ን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። የማታነሱት ግን በዚያው ዓመት የተጨመረውን ስምምነት ነው። ራስ መኮንን ኢጣሊያ ሄደው የተፈራረሙት የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረበት። መያዣው ምን ነበር? የሐረር ጉምሩክ ገቢ! አያችሁ? በትርጉም ውስጥ የተደበቀ አንድ ገመድ፣ በብድር ውስጥ የታሰረ ሌላ ገመድ።

አፄ ምኒልክ ውሉን በ1893 ሲያፈርሱ በቁጣ ደብዳቤ ብቻ አላለፉም። ዕዳውን ከፈሉ። መጀመሪያ ወረቀቱን ከባዕድ እጅ አወጡ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አድዋ ላይ ጦሩን መለሱ። ያ ዕዳ ሳይከፈል ቢቀር ኖሮ፣ ጠላት ሐረር ላይ የሚያነሳው ሕጋዊ ሰበብ በእጁ ነበር። የነፃነት ታሪካችን ውስጥ ጦርና ጋሻ ብቻ ሳይሆን የተከፈለ ደረሰኝም አለ። ይህን ለልጆቻችን አልነገርናቸውም።

ሁለተኛ ምስክር በዘመናችን አለ፤ የህዳሴው ግድብ። ከ2011 ጀምሮ የጉልበት ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ሊስትሮው፣ በውጭ ያለው ወገናችን ቦንድ ገዛ። በመስከረም 2025 ተመረቀ። ለግንባታው ዋናው ገንዘብ የመጣው ከሀገር ውስጥ ነው። ያ ወረቀት በማን እጅ ነው? በእናቴ ሣጥን ውስጥ ነው። በእርግጥ የሀገር ውስጥ ዕዳም ነፃ አይደለም። የዋጋ ንረት ሲመጣ የቦንዱን ዋጋ የሚበላው ከዚያው ከሣጥኑ ነው። ለእናቴም ተጠያቂነት ያስፈልጋታል። ግን እናቴ የለንደን ፍርድ ቤት አትከሰንም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የሀገር ዕዳ ሲነሳ አራት ጥያቄ መጠየቅ ልመዱ። ወረቀቱ በማን እጅ ነው? የሚከፈለው በየትኛው ገንዘብ ነው? የሠራው ነገር ያንኑ ገንዘብ ያመጣል ወይ? ቀኑ መቼ ነው የሚደርሰው፣ ከቀኑ በፊትስ ምን ተዘጋጀ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሲሼልስ ከወደቀች በኋላ ጠየቀች። ሩዋንዳ ሳትወድቅ ጠየቀች። እኛ ገና መጠየቅ ጀምረናል።

የገንዘብ ሚኒስቴር የዕዳ መግለጫ ሲያወጣ አንብቡት። ኢኮኖሚክስ የሚማር ጓደኛ ካላችሁ ቡና ጋብዙትና ያስረዳችሁ። ጥያቄውን የሚጠይቅን ወጣት ደግሞ «ባንዳ» አትበሉት። ይህ ነው ዛሬ ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ። ገጻችን ላይ አንድ ልጅ ስለ ቦንዱ ጠይቆ ሃምሳ ስድብ ሲወርድበት አይቻለሁ። ሃምሳዎቹ ሀገር ወዳድ ነን ብለው ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ሀገሩን ሲጠብቅ ያየሁት ያንን ልጅ ነው።

ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤሩት ላላችሁ እህቶቼም አንድ ቃል። ላባችሁን ጠርጋችሁ የምትልኩት ዶላር ሀገሪቱን ካቆሟት ምሰሶዎች አንዱ ነው። በባንክ ሲመጣ ወደ ሀገር ክምችት ይገባል። በጥቁር ገበያ የላከችውን እህት አልወቅስም፤ በሁለት ዋጋ መካከል ያስቆማት ሥርዓቱ ነው። ግን የምትችሉ በባንክ ላኩ።

ዕዳ ባርነት አይደለም፣ ኩራትም አይደለም። ዕዳ ቀጠሮ ነው። ቀጠሮውን የሚያከብር ሀገር አንገቱን ቀና አድርጎ ይደራደራል፤ የማያከብር ደግሞ ባንዲራው የቱንም ያህል ከፍ ቢል አንገቱ ይደፋል። አባቶቻችን ሁለቱንም ከፍ አድርገው አስረክበውናል። እኛ ለታናናሾቻችን ምን እንደምናስረክብ ማሰብ ያለብን ዛሬ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የምንፈርመው በእነሱ ስም ነውና።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!